ዘጠኝ ቶን ዶላር በሁለት ሰዓት

(የመግቢያ ዜማ፤ ቀስ እያለ ዝቅ ይላል)



እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 2003 ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ሦስት ትልልቅ የጭነት መኪኖች ባግዳድ በሚገኘው የኢራቅ ማዕከላዊ ባንክ በር ላይ ቆሙ። የአሜሪካ ቦምብ ከተማዋ ላይ መውረድ ሊጀምር የቀረው ሁለት ቀን ገደማ ነው። ከመኪኖቹ ጋር የመጡት ሰዎች በር ሰባሪ ሌቦች አልነበሩም። አንደኛው የፕሬዚዳንቱ ልጅ ቁሳይ ሁሴን ነው። የያዘው መሣሪያ የአባቱ የሳዳም ሁሴን ፊርማ ያረፈበት ደብዳቤ ነበር፤ የባንኩ ሰዎችም ካዝናውን ከፈቱ። በዚያ አገር፣ በዚያ ዘመን፣ ያንን ፊርማ አይቶ “ነገ ተመለሱ” የሚል ገንዘብ ያዥ ከየት ይመጣል?

ጭነቱ ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ። ከጦርነቱ በኋላ ባለሥልጣናት እንደተናገሩት፣ የወጣው ገንዘብ 900 ሚሊዮን ዶላር ገደማ በባለ መቶ ኖት፣ ከዚያ ሌላ ደግሞ 100 ሚሊዮን ዶላር የሚያወጣ ዩሮ ነበር። አንድ ቢሊዮን ዶላር፣ በአንድ ሌሊት፣ ያለ ቼክ፣ ያለ ሐዋላ።

አሁን አንድ ጥያቄ ላንሳ። ለምን ሦስት መኪና አስፈለገ? ፊልም ላይ እንደምናየው በጥቂት ሻንጣ አይሆንም ነበር?

አይሆንም። አንድ የአሜሪካ ኖት አንድ ግራም ይመዝናል። ባለ አንድ ዶላሩም፣ ባለ መቶውም ክብደታቸው እኩል ነው። ስለዚህ 900 ሚሊዮን ዶላር በባለ መቶ ኖት 9 ሚሊዮን ኖት ማለት ነው፤ 9 ሚሊዮን ግራም፣ ማለትም 9 ቶን፣ ወይም በእኛ አቆጣጠር 90 ኩንታል። ዩሮው ገና አልተቆጠረም። አንድ ሚሊዮን ዶላር ብቻ እንኳ ብትወስዱ፣ በባለ መቶ 10 ኪሎ ነው፤ በባለ ሃያ 50 ኪሎ ይሆናል፤ በባለ አንድ ዶላር ከሆነ ደግሞ አንድ ቶን። የፊልሙ ጀግና አንድ ሚሊዮን ዶላር በዝርዝር አንጠልጥሎ ሲሮጥ ካያችሁ፣ ደራሲው ሚዛን ላይ አላስቀመጠውም ማለት ነው።

የዛሬው ዝግጅታችን በዚህ ላይ ነው፤ ብዙ የውጭ አገር ጥሬ ገንዘብ በድንገት ሲፈለግ ከየት ይመጣል? ማን ማግኘት ይችላል? ማንስ ደጅ ሲጠና ይውላል? ነገሩን በመንግሥታት ደረጃ አይተን ወደ እኛው የባንክ መስኮት እንወርዳለን።

(አጭር ዜማ)

ብዙዎቻችን ሒሳብ ላይ ያለ ዶላርንና በእጅ የሚዳሰስ ዶላርን እንደ አንድ ነገር እናያቸዋለን። ሒሳብ ላይ ያለው ዶላር በባንክ መዝገብ የሰፈረ ቁጥር ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ዱባይ፣ ከዱባይ ወደ ሻንጋይ በቁልፍ ሲነካ ይሄዳል። ኖቱ ግን ጭነት ነው። ታትሞ፣ ተቆጥሮ፣ ታሽጎ፣ ኢንሹራንስ ተገብቶለት፣ ጠባቂ ተመድቦለት በመኪናና በአውሮፕላን ይጓዛል። ነገሩን እንደ እህል ብታስቡት፣ ሒሳብ ያለው ሰው ደረሰኙን ይዟል፤ እህሉ ግን ሌላ አገር ጎተራ ውስጥ ሊሆን ይችላል። ድንገት ሲቸግረን የሚያስጨንቀንም አብዛኛውን ጊዜ የገንዘቡ አለመኖር ሳይሆን ኖቱ የሚገኝበት ቦታ ርቀት ነው።

ወደ ባግዳድ እንመለስ። ከተማዋ በኤፕሪል 2003 ወደቀች። ባንኮቹ ተዘረፉ፣ መሥሪያ ቤቶቹ ተቃጠሉ፤ መምህሩ፣ ነርሱ፣ ጡረተኛው ደመወዝ ይጠብቃል። በዚያው ወር የአሜሪካ ወታደሮች በቤተ መንግሥቱ አካባቢ በግንብ በተደፈኑ ቤቶች ውስጥ በታሸጉ የብረት ሳጥኖች 650 ሚሊዮን ዶላር ገደማ አገኙ። ያም ሆኖ አገር የሚያስተዳድር ገንዘብ አይደለም። አሜሪካኖቹ አገሪቱን ለጊዜው እንዲመራ ያቋቋሙት አስተዳደር፣ በፖል ብሬመር የሚመራው፣ ጥሬ ዶላር ያስፈልገኛልና ቶሎ ላኩልኝ አለ።

ገንዘቡ የአሜሪካ ግብር ከፋይ ገንዘብ አልነበረም፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የኢራቅ የራሷ ገንዘብ ነው፤ ከነዳጅ ሽያጭ የተጠራቀመ፣ በውጭ አገር ታግዶ የቆየ፣ “ነዳጅ በምግብ” ከሚባለው የተባበሩት መንግሥታት ፕሮግራም የተረፈ። የጸጥታው ምክር ቤት በሜይ 2003 ባሳለፈው ውሳኔ ቁጥር 1483 መሠረት ይህ ሁሉ ለኢራቅ ልማት በተከፈተ ፈንድ ገባ፤ ሒሳቡም ኒውዮርክ በሚገኘው የፌዴራል ሪዘርቭ፣ ማለትም የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ፣ ተቀመጠ። ኖቱ ያለበት ደግሞ ከኒውዮርክ ወንዙን ተሻግሮ፣ ኒው ጀርሲ ውስጥ ኢስት ራዘርፎርድ በምትባል ከተማ ባለው የባንኩ ግዙፍ የገንዘብ ማከማቻ ነው።

እዚያ ውስጥ ገንዘብ እንዴት እንደሚታሸግ ጠጋ ብለን እንመልከት። መቶ ኖት በወረቀት ቀበቶ ይታሰራል። አሥር እስር አንድ ላይ ሲሆን አንድ ሺህ ኖት ነው። እንዲህ ያሉ አራት ጥቅሎች በአንድ ፕላስቲክ ይታሸጋሉ፤ ባለ መቶ ከሆነ ይህ እሽግ 400,000 ዶላር ነው፤ ክብደቱ 4 ኪሎ፣ ሕፃን ልጅ እንደምትታቀፉት ታቅፋችሁ ትሄዳላችሁ። ከእነዚህ 160 እሽጎች የእንጨት መደርደሪያ ላይ ተደርድረው ዙሪያቸው በፕላስቲክ ይጠቀለላል። አንዱ መደርደሪያ 640,000 ኖት ይይዛል፤ ሁሉም ባለ መቶ ከሆነ 64 ሚሊዮን ዶላር። ሰው የሚያነሳው አይደለም፤ ፎርክሊፍት ነው የሚያነሳው። ከዚያ በታሸገ የጭነት መኪና ዋሽንግተን አጠገብ ወዳለው የአንድሩስ አየር ኃይል ሠፈር፣ ከዚያም በወታደራዊ ዕቃ ጫኝ አውሮፕላን ወደ ባግዳድ። ገንዘብ ካለ በሰማይ መንገድ አለ የሚለው ተረታችን እዚህ ላይ ቃል በቃል ሠራ።

ከሜይ 2003 እስከ ጁን 2004 ባለው ጊዜ በዚህ መንገድ 12 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ተጓዘ። 484 መደርደሪያ፣ 281 ሚሊዮን ኖት፣ ማለትም 281 ቶን ያህል። ከእነዚህ ውስጥ 107 ሚሊዮኑ ባለ መቶ ነበሩ። ሒሳቡን ብታሰሉት የሚገርም ነገር ታገኛላችሁ፤ ባለ መቶዎቹ ብቻ 10.7 ቢሊዮን ይሆናሉ። የቀሩት ከ170 ሚሊዮን በላይ ኖቶች፣ በቁጥርም በክብደትም ከግማሽ የሚበልጡት፣ ዋጋቸው ተደምሮ ወደ 1.3 ቢሊዮን ብቻ ነው። አውሮፕላኖቹን የሞላው ዝርዝር ነበር። የመጀመሪያው ጭነትም 20 ሚሊዮን ዶላር ሆኖ በባለ አንድ፣ በባለ አምስትና በባለ አሥር ነው የሄደው። ለጡረተኛ ባለ መቶ ዶላር ሰጥቶ “መልሱን አምጣ” ማለት አይቻልማ።

ከሁሉ የበለጠው ጭነት የወጣው ጁን 22 ቀን 2004 ነው። ከ2.4 ቢሊዮን ዶላር በላይ በአንድ ጊዜ። በፌዴራል ሪዘርቭ ታሪክ እንዲህ ያለ የኖት ወጪ ታይቶ እንደማያውቅ የባንኩ ሰዎች ያኔውኑ በኢሜይል ተጻጽፈውበታል። ከስድስት ቀን በኋላ፣ ጁን 28፣ የብሬመር አስተዳደር ሥልጣኑን ለኢራቃውያን አስረክቦ አገሩን ለቀቀ።

ይህን ያህል ጥድፊያ ለምን? በጃንዋሪ 2005 የወጣው የኢራቅ መልሶ ግንባታ ልዩ ዋና ተቆጣጣሪ ሪፖርት 8.8 ቢሊዮን ዶላር ለኢራቅ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ሲተላለፍ በቂ ቁጥጥር አልተደረገበትም አለ። ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በፌብሩዋሪ 2007፣ የኮንግረሱ አባል ሄንሪ ዋክስማን በሚመሩት ኮሚቴ ፊት ብሬመር ቀርበው ተጠየቁ። መልሳቸው ጦርነት ላይ ባለ አገር፣ የሚሠራ ባንክ በሌለበት፣ የምዕራቡን ዓለም የሒሳብ አያያዝ ሙሉ በሙሉ መጠበቅ አይቻልም ነበር፤ ደመወዝ ብናስቆም አገሩ ይብሳል የሚል ነበር።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ክርክሩ ግማሽ እውነት አለው። ደመወዝ መክፈል ግዴታ ነበር፤ ባንክ ከሌለ ደግሞ በኖት እንጂ በምን ይከፈላል? ነገር ግን ኖት የሚለካው በቶን በሆነበት ቦታ የቆጣሪውም ቁጥር አብሮ ማደግ ነበረበት። አውሮፕላን ለማግኘት የተደረገው ጥረት ሩቡ ገንዘብ ያዥና ኦዲተር ለመቅጠር ቢደረግ ኖሮ፣ ያ ሪፖርት ሌላ መልክ ይኖረው ነበር። ሪፖርቱ ገንዘቡ ሁሉ ተሰረቀ እንዳላለም ልብ በሉ። የት እንደገባ የሚያሳይ ወረቀት የለም ነው ያለው። ጥሬ ገንዘብ እንዲህ ነው፤ አንዴ ከእጅ ከወጣ ራሱ አይናገርም፤ የሚናገርለት ወረቀት ብቻ ነው።

(አጭር ዜማ)

ኢራቅ እንዲያ በፍጥነት ያገኘችው ሒሳቧ ኖቱን በሚያወጣው ባንክ ውስጥ ስለነበረ ነው። ሌላው ዓለምስ? እዚህ ላይ አንድ ብዙም የማይወራለት ሥርዓት አለ። የኒውዮርኩ ፌዴራል ሪዘርቭ ከ1996 ጀምሮ በውጭ ከተሞች በሚገኙ ትላልቅ ባንኮች ካዝና ውስጥ የራሱን ዶላር ያስቀምጣል። ኖቱ ካዝናው ውስጥ እስካለ ድረስ የአሜሪካ ማዕከላዊ ባንክ ንብረት ነው። ደንበኛ ባንክ ሲያዝ ብቻ ተሽጦ ወደ ገበያ ይወጣል። በሴፕቴምበር 2001 ከኒውዮርኩ ጥቃት በኋላ የአሜሪካ ሰማይ ለቀናት ሲዘጋ፣ በሌላው ዓለም የዶላር ኖት እንዳይጠፋ ያደረጉት እነዚህ ካዝናዎች ናቸው። ፈተናውም አልቀረም፤ ዙሪክ ላይ ካዝናውን ይጠብቅ የነበረው የስዊዘርላንዱ ዩቢኤስ ባንክ ማዕቀብ ወደተጣለባቸው አገሮች፣ ወደ ኩባ፣ ወደ ኢራን፣ ወደ ሊቢያ ኖት ሲልክ ተደርሶበት በ2004 የ100 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ከፍሏል።

ከኢራን ጋር የተያያዘ ሌላም ታሪክ አለ፤ ይሄኛው ግን ነገሩን ይገለብጠዋል። በጃንዋሪ 2016 የሌላ አገር ኖት በጥድፊያ የፈለገችው ራሷ አሜሪካ ነበረች። ከ1979 አብዮት በፊት የኢራን ንጉሥ ለጦር መሣሪያ 400 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ነበር፤ አብዮቱ መጣ፣ መሣሪያው ቀረ፣ ገንዘቡም አሜሪካ ውስጥ ቀረ። ጉዳዩ ዘ ሄግ ባለው የሁለቱ አገሮች የግልግል ችሎት ለአሥርት ዓመታት ሲንከባለል ቆይቶ ከነወለዱ በ1.7 ቢሊዮን ዶላር ለመጨረስ ተስማሙ። ችግሩ ግን አሜሪካ ራሷ በጣለችው ማዕቀብ ከኢራን ጋር በዶላር መገበያየት ተከልክሏል፤ የውጭ ባንኮችም የኢራንን ሐዋላ ለመንካት ይፈራሉ። ታዲያ ምን ተደረገ? የአሜሪካ ግምጃ ቤት ገንዘቡን ወደ አውሮፓ ማዕከላዊ ባንኮች በሐዋላ አስተላለፈ፤ እዚያ ወደ ስዊስ ፍራንክ፣ ዩሮና ሌሎች ገንዘቦች ኖት ተለወጠ፤ የመጀመሪያው 400 ሚሊዮን በእንጨት መደርደሪያ ተጭኖ ከጄኔቫ ቴህራን በረረ። በዚያው ሰሞን ኢራን ያሰረቻቸው አሜሪካውያን ተፈቱ፤ ወሬው በኦገስት ሲወጣ ዋሽንግተን ውስጥ “ቤዛ ነው፣ አይደለም” የሚል ትልቅ ጠብ ተነሣ። ጠቡን ለፖለቲከኞቹ እንተወውና አንድ ነገር እንያዝ፤ የዓለምን ዶላር የሚያትመው መንግሥት እንኳ ፍራንክ ማተም አይችልም። እሱም እንደ ማንኛውም ሰው ኖቱ ካለው ሰው ዘንድ ሄዶ ነው የመነዘረው።

ስዊዘርላንድ ባለ አንድ ሺህ ፍራንክ ኖት አላት። በእሷ ከሆነ አንድ ሚሊዮን ፍራንክ አንድ ሺህ ኖት ብቻ ነው፤ የእጅ ቦርሳ ይበቃዋል። አውሮፓም ባለ 500 ዩሮ ኖት ነበራት፤ ለሕገ ወጥ ዝውውር እንደዚህ የሚመች ነገር የለም እየተባለ ሲወቀስ ቆይቶ የአውሮፓ ማዕከላዊ ባንክ በሜይ 2016 ማውጣቱን ለማቆም ወሰነ። አሁንም በሰው እጅ ያለው ዋጋውን አላጣም፤ አዲስ ግን አይወጣም።

ከትልቁ ወደ ትንሹ እንውረድ። ማርች 16 ቀን 2013 ቅዳሜ ጠዋት የቆጵሮስ ሕዝብ ከእንቅልፉ ሲነሳ በባንክ ካስቀመጠው ገንዘብ ላይ መንግሥት ቆርጦ ሊወስድ መሆኑን ሰማ። ሰው ሁሉ ወደ ኤቲኤም ሮጠ። ባንኮቹ ተዘጉ፤ እስከ 28ኛው ቀን አልተከፈቱም። በደሴቲቱ ላይ የእንግሊዝ የጦር ሠፈሮች አሉ፤ አክሮቲሪና ዴኬሊያ። ማርች 19 ቀን ከእንግሊዝ የተነሣ የአየር ኃይል አውሮፕላን አንድ ሚሊዮን ዩሮ በጥሬው ጭኖ አረፈ፤ የወታደሮቹና የቤተሰቦቻቸው ካርድ ጨርሶ ከቆመ ለችግር ጊዜ እንዲበደሩት ነው። ባለ ሃምሳ ቢሆን ሃያ ኪሎ የማይሞላ ጭነት። የሚስቅ ሊኖር ይችላል፤ ለሃያ ኪሎ ወረቀት አውሮፕላን? እኔ ግን ብልህ ሥራ ነበር እላለሁ። በዚያ ሳምንት ቆጵሮስ ውስጥ ሒሳብ ላይ ያለ ሚሊዮን ዩሮ በእጅ እንዳለ ኖት አይቆጠርም ነበር። ባንኮቹ ሲከፈቱም በቀን ከ300 ዩሮ በላይ ማውጣት ተከለከለ፤ ከአገር የሚወጣ መንገደኛም ከ1,000 ዩሮ በላይ እንዳይዝ ተባለ።

(አጭር ዜማ)

አሁን ወደ ቤታችን። እናንተ ያለባችሁ ጥያቄ ምናልባት እንዲህ ያለ ነው፤ እናቴን ለሕክምና ወደ ሕንድ ወይም ወደ ታይላንድ ልወስዳት ነው፣ ቪዛው ትናንት ወጣ፣ በረራው ዓርብ ነው፣ ዶላር ከየት ላምጣ?

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲለቅ፣ አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ከነበረበት ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ከባንክ ውጭ የሚሠሩ የውጭ ምንዛሪ ቢሮዎችም ፈቃድ አግኝተዋል። ዋጋው ነፃ ሆነ ማለት ግን ኖቱ በየመስኮቱ ሞላ ማለት አይደለም፤ ብዙዎች የተሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ባንኮቻችን ከቡና ላኪው፣ ከአበባ እርሻው፣ ከዲያስፖራው ሐዋላ የሚያገኙት ዶላር ውጭ አገር ባሉ ተወካይ ባንኮች ሒሳብ ውስጥ የተቀመጠ ቁጥር ነው። መስኮቱ ላይ ያለው ኖት ደግሞ አብዛኛው ቱሪስቱ፣ ለእረፍት የመጣው ዘመድ፣ የስብሰባው እንግዳ አምጥቶ የመነዘረው ነው። ስለዚህ ሒሳቡ ላይ ሚሊዮኖች ያሉት ባንክ ቅርንጫፉ ውስጥ ለአንድ መንገደኛ የሚበቃ ኖት ላይኖረው ይችላል። ገንዘብ ያዧ “ዛሬ የለም” ስትላችሁ ሁልጊዜ እየሸሸገች አይደለም። ሁልጊዜ እውነቷን ነው ማለቴም አይደለም።

ከዚህ የሚከተለው ነገር ግልጽ ነው። በኖት መሄድ የማያስፈልገውን ክፍያ ሁሉ ከኖት አውጡት። ሆስፒታሉ የዋጋ ግምቱን በደብዳቤ ይስጣችሁ፤ ባንኩ ክፍያውን ወደ ሆስፒታሉ ሒሳብ በቀጥታ ይላክ። ይህ ሒሳብ ላይ ካለው ዶላር ስለሚሄድ ከመስኮቱ ኖት ጋር አይሻማም። ለማደሪያና ለሌላው ወጪ ባንኩ በውጭ ምንዛሪ የሚሠራ ካርድ የሚሰጥ ከሆነ እሱን ጠይቁ። በእጅ የምትይዙት ለታክሲ፣ ለምግብና ለድንገተኛ ነገር የሚበቃ ብቻ ይሁን። ፓስፖርት፣ ቪዛ፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ የሐኪም ወረቀት፤ ዋናውም ቅጂውም ከእጃችሁ አይለይ። ለመንገደኛ የሚፈቀደው ጣሪያ በየጊዜው ስለሚሻሻል የዘንድሮውን ከባንኩ ጠይቁ፤ ባለፈው ዓመት የሄደውን ጎረቤት አትጠይቁ። ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ወይም ቱሪስት ወደሚበዛበት አካባቢ ቅርንጫፍ መሄድም ይጠቅማል፤ ኖቱ የሚገባው እዚያ ነውና። ዓርብ ለሚነሣ በረራ ሐሙስ ከሰዓት ባንክ የሚሄድ ሰው ግን የሚጠብቀውን ያውቃል፤ ከባንኩ ሲወጣ ጥቁር ገበያው ጥግ ላይ ቆሞ ይቀበለዋል። እዚያ ያለው አደጋ የዋጋው ብቻ አይደለም፤ ሐሰተኛ ኖት አለ፣ መሐል ላይ ወረቀት የታጨቀበት እስር አለ፣ ሲያዙ ደግሞ ሕግ አለ። ወዴት ሄዶ ይከሰሳል?

አሜሪካ ያላችሁ አድማጮቻችን ሌላ ዓይነት ጉዳይ ነው የሚገጥማችሁ። እዚያ ሒሳባችሁ ላይ ያለው ዶላር ችግር የለውም፤ ዩሮ ወይም ፓውንድ በብዛት ስትፈልጉ ግን የሠፈራችሁ ቅርንጫፍ አብዛኛውን ጊዜ አያስቀምጥም። ስታዝዙ ከጅምላ አቅራቢ ነው የሚያስመጣው፤ ጥቂት የሥራ ቀናት ይወስዳል፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ አይቆጠርም። የአየር ማረፊያው መንዛሪ ዛሬውኑ ይሰጣችኋል፤ በመግዣና በመሸጫ ዋጋው መካከል ያለው ክፍተት ግን ያስደነግጣል። ለተረፋችሁ ገንዘብም ስትመለሱ ያንኑ ክፍተት ሁለተኛ ትከፍላላችሁ።

ከ10,000 ዶላር በላይ በጥሬው ካወጣችሁ ባንኩ ለመንግሥት ያሳውቃል። ይህ ሕግ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ያለ ነው፤ ማሳወቁ ብቻውን ማንንም ወንጀለኛ አያደርግም፤ ቅጽ ነው፣ ይሞላል፣ ያልቃል። ወንጀሉ ቅጹን ለማምለጥ ብሎ ገንዘቡን መከፋፈል ነው፤ ዛሬ 9,000፣ ነገ 9,500 እያሉ። የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ የነበሩት ዴኒስ ሃስተርት የወደቁት በዚህ ነው። በየጊዜው 50,000 ዶላር ሲያወጡ ባንኩ ጠየቃቸው፤ ከዚያ በኋላ ከ10,000 በታች እየቆራረጡ ማውጣት ጀመሩ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ተከሰሱ፣ በ2016 የ15 ወር እስራት ተፈረደባቸው። ገንዘቡ የሚሸፍነው የቆየ ነውር ነበር፤ ያ ለብቻው የሚወራ ነው። እስር የተፈረደባቸው ግን በአቆራረጡ ነው። ገንዘቡ የራሳቸው ነበር እኮ!

ድንበር ስትሻገሩም እንዲሁ ነው። ወደ አሜሪካ ስትገቡም ስትወጡም ከ10,000 ዶላር በላይ ከያዛችሁ ታስመዘግባላችሁ፤ ዶላር ብቻ ሳይሆን ተመሳሳይ ዋጋ ያለው ማንኛውም ገንዘብ። ለባል ግማሹን፣ ለሚስት ግማሹን አስይዞ ከቅጹ ማምለጥም አይፈቀድም። ወደ አውሮፓ ኅብረት ስትገቡና ስትወጡ ደግሞ 10,000 ዩሮና ከዚያ በላይ ነው። ብዙ ገንዘብ መያዝ ብቻውን ወንጀል አይደለም፤ ሸሽጋችሁ ከተገኘ ግን ሊያዝባችሁ ይችላል። በየአየር ማረፊያው ገንዘባቸው የሚያዝባቸው ሰዎች ሁሉም ሌቦች አይደሉም፤ ለቤት ግንባታ፣ ለሠርግ፣ ለዘመድ ሕክምና ያጠራቀሙትን “ማን ያየኛል” ብለው ካልሲ ውስጥ የከተቱም አሉባቸው።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ የኖቱ መልክ። አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1861 ጀምሮ ያወጣችው ኖት ሁሉ ዛሬም ሕጋዊ ነው። ይህን የባንኮክ ወይም የዱባይ መንዛሪ እንዲቀበል ግን የሚያስገድደው የለም። በብዙ አገር መስኮት ላይ የተጻፈበት፣ የተቀደደ፣ ማኅተም ያረፈበት ወይም የሰውዬው ሥዕል ትንሽ የሆነበት አሮጌ ባለ መቶ ዶላር ይመለሳል፣ ወይም በዝቅተኛ ዋጋ ይወሰዳል። ስለዚህ ባንኩ ሲሰጣችሁ እዚያው መስኮቱ ላይ አንድ በአንድ እዩት፤ ያልወደዳችሁትን ወዲያው እንዲቀይሩላችሁ ጠይቁ፤ ከኋላ ያለው ሰልፈኛ ቢያጉረመርም ያጉረምርም። ከተነሣችሁ በኋላ የሚመልስላችሁ የለም። ባንኩ ዶላሩን ሲሸጥላችሁ የሚሰጣችሁን ደረሰኝ ደግሞ ከፓስፖርታችሁ ጋር አንድ ላይ ያዙት እንጂ ሻንጣ ውስጥ አትክተቱት። ቦሌ ላይ ጉምሩክ ሲጠይቃችሁ ሻንጣው ተመዝኖ ወደ ውስጥ ገብቷል።

(የመዝጊያ ዜማ)